የሕፃናት ነርሶች የስሜት መዛል

የሌላውን ሕመም እንደ ራስ ሕመም መሰማት በሕፃናት ክፍል የሚሠራን ነርስ ብቁ ያደርገዋል፤ ዕረፍትና ድጋፍ ሲያጣ ግን ያው ስሜት ያዝለዋል። ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት መለኪያ ሦስት ምልክቶችን ይመረምራል፦ የስሜት መዛል፣ ከታካሚ በልብ መራቅና «ሥራዬ ፍሬ የለውም» ማለት። ካርላ ጆይንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ነርሶች ስትጽፍ ይህን መዛል «የርኅራኄ ድካም» ብላዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በበሽታነት አልመደበውም።

የሕፃናት ክፍል ጫና ለየት ይላል። ጨቅላ ያመመውን አይናገርም፤ ነርሷ ከለቅሶው፣ ከአተነፋፈሱና ከአጠባቡ ትረዳለች። ልታድነው ስትል ታሳምመዋለች። ተቅማጥ ፈሳሽ የጨረሰበትን ሕፃን ደም ሥር ፍለጋ ከእጁ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ራስ ቅሉ ትሄዳለች፤ እናቱ አጠገቧ ቆማ «ሲስተር፣ በቃ ይተውት» እያለች ታነባለች። ሕፃን ሲያርፍ ደግሞ አልጋው ወዲያው ለሌላ ይነጠፋል፤ ነርሷ የምታዝንበት ፋታ የላትም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስላል።

የአንጎል ተመራማሪዎቹ ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ ሥቃይን ወደ ራስ መሳብና ለተጎጂው በጎ መሻት የተለያዩ የአንጎል ክፍሎችን እንደሚያነቃቁ፣ ሁለተኛው በልምምድ እንደሚዳብርም አሳይተዋል። ልምምዱ ይረዳል፤ በቂ ነርስ በሌለበት ፈረቃ ግን የሰው ኃይልን አይተካም።