ቲፕ ደመወዝ ነው ወይ? ፒያሳ ካፌ ውስጥ ለምትሠሩ

ፒያሳ አካባቢ ካፌ ወይም ኬክ ቤት ሥራ ስትጠይቁ "ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ቲፑ ግን አሪፍ ነው" መባሉ የተለመደ ነው። ቲፑ እውነትም አሪፍ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን ምን ይላል? እንየው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 መሠረት ደመወዝ ማለት በሥራ ውላችሁ መሠረት ለሠራችሁት ሥራ የሚከፈላችሁ መደበኛ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅ ደመወዝ ውስጥ አይቆጠሩም። ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ ትቶላችሁ የሚሄደው ቲፕማ ጭራሽ ከአሠሪው የመጣ አይደለም።

"ብሩ ኪሴ ከገባ ምን አገባኝ?" ትሉ ይሆናል። የሚያገባችሁ ሥራው ሲቆም ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ እንዳየነው፣ ነገ የሚሆነው አይታወቅም። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። አንዲት አስተናጋጅ ደመወዟ 3,000 ብር ነው እንበል፤ ቲፑ ደግሞ በወር 6,000። 4 ዓመት ሠርታ ቤቱ ቢዘጋ በዚህ ስሌት ብቻ የሚደርሳት 6,000 ብር ገደማ ነው። 9,000ው በሙሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ 18,000 ይጠጋ ነበር።

ኦቨርታይምም የሚሰላው ከዚያችው 3,000 ላይ ነው። የሰዓቱ ክፍያ ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጡረታም (ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ያው ነው።

ደመወዙ አነሰ ብሎ በሕግ መሟገት ደግሞ ከባድ ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም፣ ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን አልተቀመጠም። ስለዚህ መደራደሪያው ሰዓት ስትቀጠሩ ነው ባዮች ነን፤ "ቲፑ ይቅርና ውሉ ላይ የሚጻፈው ስንት ነው?" በሉ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጣችሁ ይገባል። ፔሮል ላይ ከመፈረማችሁ በፊትም ቁጥሩን አንብቡ፤ ካልገባችሁ የማስረዳት ግዴታ አለበት።

ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ኦቨርታይም ካለ መጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው። የሚቆጠረው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ እንጂ ከሥራ ከወጣችሁበት ቀን አይደለም።