ከእፍኝ ወደ ሚዛን፦ የሂናና የፒፒዲ ታሪክ

ሂና በቤት ውስጥ ሲዘጋጅ ሚዛን አይጠይቅም። የደረቀው ቅጠል ይፈጫል፤ ዱቄቱ በእፍኝ ይሰፈራል፤ ውኃውም በዓይን ግምት ይጨመራል። በሐረርም ሆነ በሱዳን ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ላውሶን የተባለው የቅጠሉ ቀለም በዝግታ የሚሠራ በመሆኑ፣ የመጠኑ መብዛትና ማነስ የሚለውጠው በአብዛኛው የቀለሙን ድምቀት ነው። የጂ6ፒዲ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ሂና የቀይ ደም ሴሎችን መፈራረስ ሊያስከትል ይችላል።

ይህን የቆየ ልማድ ለአደጋ ያጋለጠው ከቤተ ሙከራ የወጣ ሌላ ዱቄት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦገስት ቪልሄልም ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1863 ባሕርይውን የገለጸው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በፓሪስ ለፀጉር ማቅለሚያነት ተመዘገበ። ጉዳቱም ብዙ ሳይቆይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ይሸጥ የነበረው ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም ለዓይነ ስውርነትና ለሞት ምክንያት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአገሪቱ ሕግ መዋቢያዎችን በፌዴራል ቁጥጥር ሥር ቢያደርግም፣ የዚህ ዓይነት የፀጉር ቀለሞች ማስጠንቀቂያና የቅድሚያ ቆዳ ሙከራ መመሪያ ይዘው እንዲሸጡ ፈቀደ።

ማስጠንቀቂያው ግን ገበያ ላይ በልቅ ከሚሸጠው ዱቄት ጋር አልተጓዘም። በሱዳን ሂናው ቶሎ እንዲይዝና ጥቁር እንዲሆን ፒፒዲ ይቀላቀልበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የካርቱም ሐኪሞች ዘገባ በዚሁ የተመረዙ 31 ልጆችን መዝግቧል፤ ከእነርሱም ዱቄቱን በአደጋ የዋጡ ይገኙበታል። ልጆቹ የደረሱት በከባድ የፊትና የአንገት እብጠት ነበር። 15ቱ አየር ስላጠራቸው ትራኪዮስቶሚ ተደረገላቸው፤ የአምስቱ ኩላሊት ሥራውን አቁሞ በዲያሊሲስ ዳኑ። 13ቱ ሕክምና ቦታ በደረሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞቱ።

የአውሮፓ ኅብረት በፀጉር ቀለም ውስጥ የሚኖረውን ፒፒዲ ፀጉር ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም በ100 ግራም ድብልቅ ውስጥ 2 ግራም ማለት ነው። ይህን ያህል ዱቄት በቁንጥር ወይም በማንኪያ ለክቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ትክክለኛ ሚዛንም ቢሆን ዋስትናው ሙሉ አይደለም፤ ሰውነቱ አስቀድሞ አለርጂ ያዳበረ ሰው በጥቂቱም ይጎዳል። ስምና መጠን ያልተጻፈበት ዱቄት ከልጆች እጅ እስካልራቀ ድረስ ደግሞ አደጋው ከተዋቢዋ አልፎ ወደ ቤተሰቡ ይደርሳል።

ለፒፒዲ የተለየ ማርከሻ የለም። ሕይወት የሚተርፈው የአየር መተላለፊያውን ፈጥኖ በማስከፈት፣ ፈሳሽ በመስጠትና ኩላሊትን በመከታተል ነው። ስለዚህ አንገቱ ያበጠ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ሕመምተኛ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው እርዳታ እየተሰጠ ሳለ አስታማሚው ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፦ ምን ተቀባ ወይም ዋጠ? ማን ደባለቀው? በምን ለካው? የሦስተኛው መልስ “በእጄ” ከሆነ፣ የመመረዙ ጥርጣሬ ሊጠነክር ይገባል።