ፋፋ፦ ስሙም ምግቡም

እኛ የድሬ ልጆች ፋፋን ስናነሳ አፋችን ውሃ ይሞላል። ስሙ ራሱ የእኛው ነው፤ ሕፃን ወፈር ብሎ ሲያምርበት «ፋፋ» እንላለንና። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናትን አመጋገብ ለማጥናት ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ያቋቋሙት ክፍል ነው ያመጣው፦ የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚን።

ታዲያ ፋፋን ያመኑ እናቶች የቆርቆሮ ወተትን ለምን ይጠረጥራሉ? ምክንያት አላቸው። ፋፋ እሳት ላይ በስሎ በጡት ላይ የሚጨመር ምግብ ነው። የዱቄት ወተቱ ግን በማስታወቂያ ታጅቦ የጡትን ቦታ ሊወስድ መጣ፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበትም ስንቱን ሕፃን በተቅማጥ ቀጠፈ! በ1981 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ጉባኤ ማስታወቂያውን የሚገድብ ደንብ ያወጣው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ወገን፣ ከቀፊራ ቆርቆሮ ስትገዙ ጠይቁ፦ ይሄ ጡትን ያግዛል ወይስ ይተካል?