የገና ሪባንና የኮቨንትሪ ሸማኔዎች

የገና በዓል ሲቃረብ በኤውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች አንድ የቆየ የእጅ ሥራ ይነሣል። ከጥቅል ሪባን ሁለት ሜትር ያህል ተቆርጦ፣ በጣቶች መካከል ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይደራረብና መካከሉ በቀጭን ሽቦ ወይም በክር ይታሰራል። ከዚያም እጥፉ አንድ በአንድ እየተሳበ ሲከፈት እንደ አበባ የፈካ ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው በገና ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በበር ላይ በሚሰቀለው የቅጠል ጉንጉን፣ ወይም በስጦታ ዕቃ ላይ ይደረጋል። ሥራው ቀላል ቢመስልም የራሱ ሕግ አለው። የሳቲን ሪባን ብዙውን ጊዜ የሚያበራው በአንድ ገጹ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ እጥፍ መካከሉ ላይ በግማሽ ዙር ካልተጠመዘዘ ደብዛዛው ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል። ጫፉም ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክሩ ቶሎ ይተረተራል፤ ስለዚህ በሰያፍ ይቆረጣል፣ ወይም እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል።

ይህን ቋጠሮ የሚያየው ሰው የሚያደንቀው የቋጠረውን እጅ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሪባኑን የሸመነ ሌላ እጅ ነበረ። የዚያ እጅ ታሪክ የጌጥ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ፣ የሕግና የመኪና ታሪክ ነው። ከኤውሮፓ የሪባን ከተሞች መካከል ይህንን በጉልህ የምታሳየው የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሪባን ሽመናና የመጀመሪያው ክርክር

ሪባን ከሰፊ ጨርቅ ተቀዶ የሚወጣ ቁራጭ አይደለም። ድርና ማግ ኖሮት፣ በሁለቱም ወገን የራሱን ጠርዝ ይዞ የሚሸመን ጠባብ ጨርቅ ነው። በጥንቱ የእጅ መሸመኛ አንድ ሸማኔ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሪባን ብቻ ነበረ። ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግን አንድ ሰው ብዙ ሪባኖችን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ የሚሸምንበት መሣሪያ ብቅ አለ። ላንቼሎቲ የተባለ ኢጣልያዊ ካህን በ1636 በታተመ መጽሐፉ እንደተረከው፣ በዳንዚግ ከተማ ከአራት እስከ ስድስት ሪባን በአንድ ጊዜ የሚሸምን መሣሪያ ታይቶ ነበር፤ የከተማው ሹማምንት ግን ብዙ ሠራተኛ ያስርባል ብለው ስለ ፈሩ መሣሪያውን ሸሸጉት፣ ፈልሳፊውንም በስውር አስገደሉት። ታሪኩ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ፣ በዘመኑ የነበረውን ፍርሃት በትክክል ይገልጻል። በሐምቡርግም ይኸው ዓይነት መሣሪያ በሹማምንት ትእዛዝ በአደባባይ ተቃጥሏል። ሆኖም ክልከላው መሣሪያውን ከቦታ ቦታ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። በ1660ዎቹ ከሆላንድ ወደ ስዊስ ከተማ ወደ ባዝል ገባ፤ ባዝልም ከፈረንሳዩ ከሴንት ኤትየን ጋር ከታላላቆቹ የሪባን ከተሞች አንዷ ለመሆን በቃች።

በሕግ ጥላ ሥር

ኮቨንትሪ ከሎንዶን በስተ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የሐር ሪባን ሽመና የተስፋፋባት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በከተማይቱ ብዙ ሪባን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው መሣሪያ ሲሠራበት፣ በስተ ሰሜን ባሉት መንደሮች ደግሞ በተለይ ሴቶች በነጠላ መሸመኛ ይሠሩ ነበር። ሥራው የቆመው በሁለት ምሰሶ ላይ ነው፤ አንደኛው ፋሽን፣ ሁለተኛው ሕግ። ከ1766 እስከ 1826 ድረስ የውጭ አገር የሐር ጨርቅ ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ በሕግ ተከልክሎ ነበር።

ፋሽን ሲበጅ ምን እንደሚመስል በ1810ዎቹ መጀመሪያ ታየ። በጠርዙ ላይ ትልልቅ የክር ቀለበቶች ያሉት ሪባን በወይዛዝርቱ ዘንድ ተወደደና ገበያው ደራ። ነጋዴዎች በተለመደው የሙያ ሥርዓት ሳይሆን የሥራቸውን ግማሽ ዋጋ ብቻ እየከፈሉ ብዙ ልጆችን በተለማማጅነት አስገቡ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን ፋሽኑ ተለወጠ። ያ ሁሉ አዲስ ሠራተኛ ከነባሩ ሸማኔ ጋር ለአንድ እንጀራ የሚሻማ ሆነና የሥራ ዋጋ ወደቀ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሥራ ስንት እንደሚከፈል የሚወስነው የዋጋ ዝርዝር ለኮቨንትሪ ሸማኔ ከምንም በላይ የሚጠበቅ ነገር ሆነ።

በ1826 ክልከላው ተነሥቶ በምትኩ 30 በመቶ ገደማ ቀረጥ ተተካ። በዚሁ ጊዜ የሊዮኑ ዦዜፍ ማሪ ዣካር የፈለሰፈው፣ በተበሱ ካርዶች እየተመራ የአበባና የቅጠል ጥለት የሚያወጣው መሣሪያ በኮቨንትሪ መለመድ ጀመረ። ሸማኔው ይህንን በቤቱ ሊያስገባ ይችል ስለነበር ብዙም አልጠላውም። የእንፋሎት ኃይል ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ሰውን ከቤቱ አውጥቶ በደወል የሚያስገባና የሚያስወጣ ፋብሪካ ይፈልጋል። በኅዳር ወር 1831 ሪባንን በእንፋሎት ለመሸመን የተቋቋመው የጆሳያ ቤክ ፋብሪካ በተቆጣ ሕዝብ ተቃጠለ። በጉዳዩ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች ቅጣታቸው ወደ ባሕር ማዶ ግዞት ተለወጠላቸው።

ዛፉና ሪባኑ

ገና ለሪባን ትልቅ ገበያ መክፈት የጀመረው በዚህ ዘመን ነው። የገና ዛፍ ልማድ ከጀርመን አገር የመጣ ሲሆን፣ በ1848 ኢለስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፉ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። አብሮት የወጣው መግለጫ በዛፉ ላይ ያሉትን ሻማዎችና ጣፋጮች ሲዘረዝር፣ ኬኮቹና ጣፋጭ የተሞሉት እንቁላሎች በልዩ ልዩ ቀለም ሪባን እንደተንጠለጠሉ ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥዕሉ ጥቂት ተለውጦ በአሜሪካ መጽሔት ላይ ታተመ። ቤተ መንግሥቱ ያደረገውን ባለጠጋው፣ ባለጠጋው ያደረገውን መካከለኛው ቤተሰብ ተከተለ። ሪባን ከባርኔጣና ከቀሚስ አልፎ የበዓል ዕቃ ሆነ።

በኮቨንትሪም የሸማኔውን ነጻነት ከእንፋሎት ኃይል ጋር ለማስታረቅ ብልህ ሙከራ ተደረገ። በ1857 ጆን ካሽና ጄምስ ካሽ የተባሉ ወንድማማቾች ኪንግፊልድ በተባለው ስፍራ ለሸማኔዎች ቤት ማሠራት ጀመሩ። ቤተሰቡ ከታች ይኖራል፤ በላይኛው ፎቅ ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት የሽመና ክፍል አለ። በግቢው መካከል የቆመው አንድ የእንፋሎት ሞተር፣ በላይኛው ፎቅ ከቤት ወደ ቤት በተዘረጋ ዘንግ ለሁሉም መሸመኛ ኃይል ይሰጣል። ሸማኔው ለኃይሉና ለቤቱ እየከፈለ በገዛ ጣራው ሥር ይሠራል። ሊሠሩ የታሰቡት ቤቶች 100 ነበሩ፤ የተሠሩት ግን 48 ብቻ ናቸው።

የ1860 ውድቀት

ጥር 23 ቀን 1860 እንግሊዝና ፈረንሳይ የንግድ ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት የፈረንሳይ ሐር ወደ እንግሊዝ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ፤ የእንግሊዝ ሪባን ግን ፈረንሳይ ሲገባ ቀረጥ መክፈሉ አልቀረም። የሴንት ኤትየን ሪባን ገበያውን ሲሞላው የኮቨንትሪ ባለ ፋብሪካዎች የዋጋ ዝርዝሩን አንቀበልም አሉ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ሸማኔዎቹ ዝርዝሩን ለማስጠበቅ ሥራ አቆሙ፤ ነገር ግን ተሸነፉ። የተከተለው ክረምት የረኃብ ክረምት ሆነ። በመላ አገሪቱ የእርዳታ ገንዘብ ተሰበሰበላቸው። ብዙ ቤተሰቦች ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ፤ በ1860ዎቹም የከተማይቱ ሕዝብ ቁጥር ቀነሰ። የሌሎች ቤት ዛፍ በሪባን ባጌጠበት በዚያ ገና፣ ከሪባን ሸማኔው ምድጃ እሳት ጠፍቶ ነበር።

የውድቀቱ ምክንያት ውሉ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ሕጉ ለ60 ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ሙያ ከጥበቃው ውጭ የሚቆምበትን ሌላ ምሰሶ አላበጀም ነበር። አንድ ከተማ በአንድ ዕቃ፣ ያም ዕቃ በፋሽን ሲኖር፣ ከሁለቱ አንዱ ሲናጋ ሁሉም ይናጋል።

እጅ ያተረፈው

ከዚህ ውድቀት ውስጥ ግን አንድ ትምህርት ወጣ። ቶማስ ስቲቨንስ የተባለው የከተማው ባለሙያ በ1862 በዣካር መሣሪያ ሥዕልና ጽሑፍ ያለበት የሐር የመጽሐፍ ምልክት እያሸመነ መሸጥ ጀመረ። ሪባኑ ያው ሪባን፣ መሸመኛውም ያው መሸመኛ ነበር፤ የተለወጠው ሐሳቡ ነው። ለጌጥ ይታሰር የነበረው ጠባብ ሐር አሁን የገናና የልደት መልካም ምኞት ተሸምኖበት ራሱ ስጦታ ሆነ። በ1879 ስቲቨንስ በዮርክ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ መሸመኛ አቁሞ፣ በሐር የተሸመኑ ሥዕሎች በተመልካች ፊት እንዲሠሩ አደረገ። የካሽ ወንድማማቾች ድርጅትም በልብስ ላይ የሚሰፋ፣ ስም የተሸመነበት ጠባብ ጥብጣብ በመሥራት ታወቀ። ከተማይቱ በበኩሏ ወደ ስፌት መኪና፣ ቀጥሎም ወደ ብስክሌት ሥራ ዞረች። የስቲቨንስ ፋብሪካ ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት ከተማይቱ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ወደመ።

በ20ኛው መቶ ዓመት የሐርን ቦታ ሰው ሠራሽ ክር ወሰደው። ብዙው የስጦታ ሪባን ከሰፊ ጨርቅ ወይም ከፕላስቲክ ወረቀት በስለት እየተቆረጠ፣ ጠርዙም እንዳይተረተር በሙቀት እየታሸገ የሚወጣ ሆነ። ቋጠሮውን ራሱን አጥፎ የሚያስር መኪናም ተሠራ፤ ጀርባው ላይ ሙጫ የተቀባ፣ ተለጥፎ የሚቀር የተዘጋጀ ቋጠሮ በየሱቁ ይሸጣል። ይህም ሁሉ ሆኖ በገና ዋዜማ ጥቅል ሪባንና መቀስ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ዛሬም አልጠፋም።

የኮቨንትሪ ታሪክ ለእጅ ሙያ ባለቤቶች የሚናገረው መኪና ጠላት ነው ወይም ጥበቃ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። የዋጋ ዝርዝሩ ብዙ ቤት በክብር ያኖረ ሲሆን፣ ዣካርም ለሸማኔው አዲስ ጥበብ ሰጥቶታል። ሙያን ከውድቀት ያተረፈው ግን ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ወደ ሌላ ዕቃ ሊለውጥ የሚችለው ዕውቀት ነው። ዕቃውን ብቻ የተማረ ተለማማጅ ከፋሽኑ ጋር ሲወድቅ፣ ድሩንና ማጉን፣ ጥለቱንና ካርዱን ጠንቅቆ ያወቀ ባለሙያ ግን ከዚያው ሐር ሌላ ነገር አወጣ። በዛፉ ላይ የተሰቀለው ትንሽ ቋጠሮ ለሚያስተውለው ሰው ይህንን ሁሉ ያስታውሳል።