ስም ሲጠረጠር፤ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ

የሕወሓት ኃይሎች ወልድያን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ይዘው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለቀቁ። በመካከሉ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የታወጀውና እስከ የካቲት 8 የጸናው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተጠርጣሪን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቀደ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም የአዲስ አበባው እስር ብሔርን የተከተለ እንደሚመስል ገለጠ። አዋጁ አገር አቀፍ ነበርና መንግሥት መልሶ የያዛቸውን ከተሞችም ያጠቃልል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ የማስረጃው ነገር ነው። በሀብሩ ስምና አነጋገር ምን ይመሰክራሉ? በወሎ አባት እንድሪስ፣ ልጅ ገብሬ ቢባል የሚደነቅ የለም፤ በራያ በኩል አማርኛና ትግርኛ በአንድ ቤት ይሰማሉ፤ በስተምሥራቅ አፋር ጎረቤት ነው። «ማንነቱ እስኪጣራ» የሚለው ሐረግ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ መጣራት የሚገባው ድርጊት ነውና። መርሳ ላይ የተያዘ ሰው ጠላትን ረድቷል መባሉ በምስክር ሊረጋገጥም፣ ውድቅ ሊሆንም ይችላል፤ ለዚህ ግን ዳኛ ፊት መቅረብ ነበረበት።