መጽሐፉ አንድ፣ ተርጓሚው ማን ነው?



ዓርብ ዕለት ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ከሥራ ስንወጣ አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እናቴ ሰንበትን ቀዝቃዛ ምግብ ነው የምትበላ። በፕላታ ላይ እናሙቅልሽ ስንላት እሳት ነው ትለናለች። ራቢው ግን ይፈቀዳል ይላል። ማን ነው ትክክል?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ረጅም ነው።

በጎንደርና በስሜን ወገኖቻችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉ ነበር። ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት እሳት ማንደድን ይከለክላልና ቄሶቻችን ምንም እሳት በቤት እንዳይኖር አዘዙ። ኦሪታችን በግዕዝ ነበር፤ ሚሽናና ታልሙድ አልደረሱንም። ራቢዎቹ ደግሞ በቃል በወረደው ትምህርታቸው «የተከለከለው በሰንበት ማንደድ ነው፤ ቀድሞ በነደደው መጠቀም ይቻላል» ይላሉ።

እንዲህ ያለው ክርክር ክርስቲያኖችንም ከፍሏል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1521 በቮርምስ ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ጳጳሳትም ጉባኤዎችም ይሳሳታሉና ከመጽሐፍ ወይም ከግልጽ ምክንያት ካልረታችሁኝ ቃሌን አልለውጥም አለ። ካቶሊኮች በ1546 በትሬንት ጉባኤ መለሱ፦ ትውፊትም እንደ መጽሐፍ ይከበራል፤ የመጽሐፉን ትርጉም የምትፈርደውም ቤተ ክርስቲያን ናት።

ታዲያ ቄሶቻችን እንደ ሉተር ናቸው? አይመስለኝም። ስግድን በተራራ ላይ ማክበር ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሥርዓት እንጂ በኦሪት የታዘዘ በዓል አይደለም። እኛም ትውፊት አለን። የኛ ጭንቅ የማን ትውፊት ማኅተም ይኑረው የሚለው ነው።

በ1973 ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ሆኖም በሙሴ ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ሊጋቡ ሲሉ፣ ራባኑት በሚቅዌ ውኃ ጠልቃችሁ ውጡ አላቸው። ምክንያቱም ቄሶቹ ያጋቡትና ያፋቱት እንደ ሃላኻ አይደለም የሚል ጥርጣሬ ነበር። ለአባቶቻችን ይህ «እስከ ዛሬ አይሁድ አልነበራችሁም» እንደማለት ነበር። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ከራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆነ። የጋብቻ ሥልጣን ግን በ1953ቱ ሕግ መሠረት ዛሬም በራቢዎች እጅ ነው።

ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ «ራቢው ከመምህሮቹ የተቀበለውን ነገረህ። እናትህም ከቄሶቿ የተቀበለችውን ጠበቀች። አንተ ለራስህ ምግብህን አሙቅ፤ የእሷን ግን ቀዝቃዛውን አቅርብላት። ሕግ አታውቅም ብለህ ግን እንዳትናገራት።»

ሰንበት ሰላም፤ ቸር ያሰማን።