ፀሐይ የማይቆጥር ስንዴ

ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ ኢተያን እንዳለፋችሁ በመስኮት እዩ። ስንዴ ነው፤ አሁንም ስንዴ። ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ስንዴ ማፍሪያ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል? እኔ በዝናብ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስንዴ የቀን ርዝመት ይቆጥራል!

ስቶክሆልም ላይ የሰኔ ቀን ከ18 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። በዚያ አገር የኖረ ስንዴ ዛላ ለማውጣት ቀኑ እስኪረዝም ይጠብቃል። አሰላ ላይ ግን ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። እንግዳው ስንዴ «ቀኑ መቼ ይረዝማል?» እያለ ቅጠል ሲያበዛ ክረምቱ ጥሎት ይሄዳል።

መላው የተገኘው ሜክሲኮ ነው፤ ያውም ሳይታሰብ። ኖርማን ቦርሎግ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራው እንዲፈጥንለት በዓመት ሁለቴ ይዘራ ነበር፤ አንዴ ሶኖራ ቆላ፣ አንዴ ቶሉካ ደጋ። «ዘር ማረፍ አለበት» ያሉትን ምሁራን አልሰማም። በሁለቱ ወቅቶች የቀኑ ርዝመት ስለሚለያይ ቀን የሚቆጥሩት እየወደቁ፣ ግድ የሌላቸው ቀሩ። ዛሬ ጂኑም ይታወቃል፤ ዋናው በ2ዲ ክሮሞዞም ላይ ያለው «ፒፒዲ» ነው። በዚያ ላይ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ማዳበሪያ ሲበዛላቸው አይጋሽቡም።

በ1967 (እ.ኤ.አ.፣ አደራ!) ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማሙና አሰላ ላይ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ «ካዱ»፣ ተቋቋመ። ዝርያው ኩሉምሳ ላይ እየተፈተነ፣ «ላቀች»ን የመሰሉ የሜክሲኮ ዘሮች ከማዳበሪያና ከብድር ጋር ለገበሬው ይታደሉ ጀመር። የታሰበው ለትንሹ ገበሬና ለጭሰኛው ነበር። ምርቱም ጨመረ።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ እንዲህ ካተረፈ ባለርስቱ ለምን ከጭሰኛ ጋር ይካፈል? ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኮምባይነር ተከተለ፣ የመሬት ኪራይ ናረ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጭሰኞች ከጭላሎ ተነቀሉ። ስዊድኖቹ የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት ሕግ ይውጣ እያሉ ወተወቱ። ረቂቁ ግን ባለርስት ከሞላበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ጂኑን አልወቅስም፤ እሱ የሚያውቀው ብርሃን ነው። ሕጉ ሳይቀድም ዘሩን ያስቀደሙትን ግን እወቅሳለሁ።

ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ይሄኛው 1967 የእኛው ነው። አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ እነዚያ የተነቀሉት ጭሰኞች የት ነበሩ? የአርሲ ልጆች፣ እስቲ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ።